ግጥም አለ

አባቴ ሙሄ አራጋው ዘይት የጠገበ ሰው ነበር፤
ሠላሳ ዓመት በጨርቃ ጨርቅ፣ ከሽመና ማሽን ሥር፤
የጥፍሩ ጥቁረት በአመድም በሳሙናም
አልለቀቀም እስኪቀበር።

ለዚያ ለዘንጉ ግን፣
አራት ቦታ ለሚፈታው ለዓሣ ማጥመጃው፣
«ዘይት ይዘሽ አትጠጊው» ይላል፤ «ዘይት አቧራ ይጠራል፤
አቧራው እንደ ወፍጮ ድንጋይ ሲፈጭ ያድራል፤
ወንዴው ሴቴዋን ይልጣል።
ከዚያ ወዲያ ዘንግ አይደለም፣ ሸንበቆ ነው፤
ሸንበቆ ደግሞ ከቦርከና ዳር በነፃ ይገኛል።»

ቅዳሜ ማታ፣ ነገ ደሴን ተሻግሮ ሐይቅ ሊወርድ፣
አንጓዎቹን በረንዳው ላይ ይደረድራል፣ አንድ በአንድ።
ወንዴውን ይወለውላል በአሮጌ ሸሚዝ ኮሌታ፣
በእርጥቡ አንዴ፣ በደረቁ ሁለቴ፣ በዝግታ፤
የሴቴዋን ሆድ በክብሪት እንጨት፣ ጥጥ ጠቅልሎ፣
የሕፃን ጆሮ እንደሚያጸዳ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ አንገቱን አዘንብሎ።

ከዚያ ሻማ።
መብራት ሲሄድ የምናበራው፣ ያው የሱቅ ሻማ።
ወንዴው ላይ ሦስቴ ያዞረዋል፣
በአውራ ጣቱ እስኪሞቅ ያሻል፣ እስኪጠፋ ያሻል፤
«ሰሙ አይታይ፤ ከታየ በዝቷል» ይላል።
«ወርቁስ?» አልኩት አንድ ቀን፣ የትምህርት ቤት ቅኔ አናቴ ላይ ወጥቶ፤
«ወርቁ ነገ ነው፣ ከሐይቁ፤ ያውም ከመጣ» አለ፣
ሻማውን ከረጢቱ ከትቶ።

ካለፈ ሁለት ክረምት ሆነ። ዘንጉን ኑርዬ ወሰደው፣
ወንድሜ፤ ደሴ፣ ፒያሳ፣ መለዋወጫ የሚቸረችረው።
በቤቱ ጉዳይ ተቀያይመን፣ በጠበቃ ስንነጋገር፣
እሱ ግሪስ ቀብቶ፣ እንደተገጠመ፣ ከመጋዘን ጣሪያ ሥር
አቁሞት ከረመ፤ የጦሳ ጉም ሲያረጥበው፣ በጋው ሲያደርቀው፣
ሁለተኛውና ሦስተኛው አንጓ አንድ አጥንት ሆነው ቀሩ፤ ማን ይፍታው?

ባለፈው ሐሙስ በዶሮ መዝለያ ቁልቁለት ወርዶ
በሬን አንኳኳ፣ ዘንጉን በማዳበሪያ ጠቅልሎ፣ ማልዶ።
«በፒንሳ ልይዘው ነበር» አለ። የመጀመሪያ ቃሉ፣ በስምንት ወር።
«በፒንሳማ ይሰበራል» አልኩ። የኔም የመጀመሪያ ነበር።

ከጎረቤት ፍሪጅ በረዶ ለምኜ ወንዴው ላይ አሰርኩ፤
ሴቴዋን በመዳፌ አሞቅኩ፤ ብቻዬን ሳብኩ፣ ሳብኩ።
እምቢ።

ያኔ ትዝ አለን፤ ለሁለታችንም፣ ሳንነጋገር፤
አባባ ሲጠብቅበት ሁለታችንን ይጠራ ነበር፦
«ፊት ለፊት ቁሙ። ግራችሁ በዚህኛው አንጓ፣ ቀኛችሁ በዚያኛው ላይ።
አትጠምዝዙ። ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ።
ዓይን ለዓይን ተያዩ እንጂ ዘንጉንስ ማንም አይይ።»

ቆምን። እጁ እጄን ነካ፤ ግሪስ ግሪስ ይሸታል፤
ከጥፍሩ ሥር ያ ጥቁር አለ። አልነገርኩትም፤ ያውቀዋል።
አንድ፣ ሁለት፤ አልሄደም።
አንድ፣ ሁለት፤ እሱን ሳል፣ እኔን ሳቅ ያዘን፤ አልሄደም።
በሦስተኛው
ጧ! እንደ ጠርሙስ ክዳን ተላቀቀ፤
እኔ ግድግዳው ላይ፣ እሱ ባልዲው ላይ ወደቀ።

የቤቱን ነገር አላነሳን።
ግሪሱን በሳሙና ውሃ አጠብኩ፤ እሱ አደረቀ።
ከከረጢቱ ታች ያች ሻማ ተገኘች፣ የጥርስ ያህል የቀረች፣
በአንድ ጎኗ በአባባ አውራ ጣት የጎደጎደች።
ጣቱን እዚያ አስገባ፤ ሰፋው።
አሽቶ አሽቶ ሲያበቃ «ሰሙ ይታያል» አልኩት፤
ተቆጣ፤ ቆየና ወለወለው።

ቀለበቶቹን በሩብ ዙር አሳስቶ ወንዴውን አስገባ፣
እየገፋ ወደ መስመራቸው መለሰ፤
ግጥም አለ።

ደግሞ ፈታው። ሲሄድ ሁለቱን አንጓ ይዞ
ሁለቱን ጠረጴዛዬ ላይ ጣለ፤
ረስቶት ይሁን ትቶት አልጠየቅኩም።
የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ማክሰኞ ነው፤
ከዚያ በፊት እሁድ አለ።